ዶ/ር አክሊሉ ለማ፦ የሆድ በሽታን ከወንዙ ሊያስቀሩ የተነሱት ሳይንቲስት



እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ስንቶቻችን ነን ሆዳችንን ሲቆርጠን አሜባ ነው ብለን ደምድመን ሳንመረመር ኪኒን የዋጥነው? እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ትንሽ ይሻለናል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

ዛሬ የምናስታውሳቸው ሰው ከኪኒኑ በፊት ሌላ ጥያቄ ያነሱ ነበሩ፦ ይህ የሆድ በሽታ ከየት ነው የሚመጣው? ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው እንደሚጠራ የምታውቁ ትኖራላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት አክሊሉ በአሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ወደ አድዋ ወረዱ።

ቢልሃርዚያን በትምህርት ቤት ሰምተናል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። በሽተኛ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ትል ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመ፣ የሚዋኝ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልግም!

የአንጀት ቢልሃርዚያ ትሎች በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። የሚጥሏቸው እንቁላሎች የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላሉ። ሰውየው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴ ሰገራው ደም ይቀላቅላል፣ ይደክመዋል። ሕፃናት ደም ያንሳቸዋል፣ ዕድገታቸውም ይጎተታል። ሳይታከም ከቆየ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፤ ደም እስከማስታወክ ይደርሳል።

ጉዳዩ የአድዋ ብቻ አይደለም። በደጃችን የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ ቀንድ አውጣው በመስኖ ቦዮች ውስጥ ተመችቶት ቢልሃርዚያ እዚያም የሠራተኛውና የልጆቹ በሽታ ሆኖ ነበር።

ወደ አድዋ እንመለስ። አክሊሉ ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስገረማቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈዋል፤ ከዚያ በላይ ግን አልሞቱም። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፍ ይሆናል። እሳቸው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው እዚያው ወንዝ ዳር የእንዶዱን አረፋ ሞከሩባቸው። ሞቱ!

ነገሩ እኮ እንዶድ ነው። አያቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት፣ አጥር ላይ የሚበቅለው ያው እንዶድ። ዕውቀቱ በእናቶች እጅ ነበር፤ አክሊሉ ደግሞ ከበሽታው ጋር አገናኙት።

እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በአድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተረጨ ውጤቱ ተጠና። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በኋላ አብረዋቸው የሠሩት የግብርና ተመራማሪው ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ ዳርቻ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ሲያወዳድሩ «ዓይነት 44» የተባለው በልጦ ተገኘ።

ታዲያ ዓለም እልል ብሎ ተቀበላቸው? አልተቀበላቸውም። በፋብሪካ የሚመረተው የቀንድ አውጣ መግደያ ውድ ነበር፣ በውጭ ምንዛሪም ይገዛል። እንዶድ ግን ገበሬው ራሱ ሊያበቅለው የሚችል ነው። ሆኖም በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራው ምርመራ አይበቃም ተባለ። ለሰውና ለአካባቢ ደህንነቱ በምዕራባውያን ላቦራቶሪዎች እንደገና ይረጋገጥ ተባለ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ዓመታት በዚህ አለፉ።

ደህንነቱን መጠየቅ በራሱ ስህተት አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። አክሊሉን ያቃጠላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ድሃ አገር በራሱ ሳይንቲስት፣ በራሱ ተክል ያገኘው መፍትሔ ከውጭ ማኅተም ካልተመታበት የማይታመን መሆኑ። በኋለኛው ዘመናቸው ከአገር ውጭ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ በተለይ በዩኒሴፍ ሲሠሩም ይህንን ሙግት አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በ1990ዎቹ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍነውን «ዜብራ መስል» የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታወቀ፤ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ላይ ፓተንት አገኘ። እንዶድን ለትውልድ ጠብቀው ላቆዩት የኢትዮጵያ እናቶች ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይነሳል።

ዶ/ር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 አረፉ። ቢልሃርዚያ ግን ከአገራችን አልጠፋም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፣ በየትምህርት ቤቱም ይታደላል። ይሁንና የታከመው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ የእሳቸው ጥያቄ ዛሬም ይሠራል።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፦ ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም ጣና ዋኝታችሁ ከሆነና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ከጀመራችሁ ውኃ ውስጥ መግባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ። አሜባ፣ ጃርዲያና ቢልሃርዚያ ስሜታቸው ቢመሳሰልም መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ምርመራው ምንም ካላሳየ ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሆድ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እያመመ ለወራት ከቆየ፣ ሕመሙ ከሰገራ መውጣት ጋር ከተያያዘ፣ ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቁ ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት የአንጀት ሥራ መዛባት ሊሆን ይችላል። ከአንጀት ኢንፌክሽን በኋላም ሊጀምር ይችላል። በሰዓቱ መብላት፣ የሚያስነሳባችሁን ምግብ መለየት፣ ቡና መቀነስ፣ እንቅልፍና ጭንቀትን ማስተካከል ይረዳል፤ ሲያስፈልግም ሐኪም መድኃኒት ያዛል። የአሜባ ኪኒን መደጋገም ግን መፍትሔው አይደለም።

ሦስተኛ፦ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የደም ማነስ ካለ ቀጠሮ አታራዝሙ። ዛሬውኑ ሂዱ።

አንድ ማሳሰቢያም አለን፦ እንዶድ መርዛማ ነው። ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ሰው ይጠጣው ማለት አይደለም። እንዳትሞክሩት!

አክሊሉ ያዩትን አረፋ ብዙ ሰው አይቶት ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ለምን ብለው ጠየቁ። እኛም ሆዳችን ደጋግሞ ሲያመን ከኪኒኑ በፊት ለምን እንበል።

ሆዱን እያሻሸ ምርመራ የሚፈራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ሰላም ሁኑ!