ዊልያም ኒላንደርና የድንጋይ ሽበት

በዐለትና በዛፍ ልጥ ላይ እንደ ቅርፊት ተጣብቆ የሚያድገው ሊከን በአማርኛ የድንጋይ ሽበት ይባላል። ይህን ከቁጥር የማይገባ የሚመስል ፍጡር ራሱን ለቻለ የጥናት ዘርፍ ካበቁት ሊቃውንት አንዱ ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነበር።

ኒላንደር በ1822 እ.ኤ.አ. በኦሉ ከተማ ተወለደ። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1847 በዶክተርነት ቢመረቅም፣ ልቡ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ጥናት ስለነበር በ1857 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። በ1863 ግን ወንበሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ቀሪ ዘመኑንም በዚያ አሳለፈ።

በዚያ ዘመን ሊከን የሚለየው በአብዛኛው በመልኩ ነበር። ኒላንደር በ1866 አዲስ ዘዴ አቀረበ፤ ይኸውም የፖታሽ ወይም የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ሙጣጭ በናሙናው ላይ አንጠብጥቦ የቀለሙን ለውጥ መመልከት ነው። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዝርያዎች አንዱ ሲቀላ ሌላው ሳይለወጥ በመቅረቱ ይለያሉ። ሊከን ደርቆ በወረቀት ከረጢት ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ኬሚካል ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ዘዴው ከተራራ ዐለት ላይ ተፈልፍሎ ለመጣ አሮጌ ናሙናም ያገለግላል። ኒላንደር ራሱ በ1873 እና በ1891 ስለ ምሥራቅ ፒሬኔ ተራሮች ሊከኖች ጽፏል።

በዚያው በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ መናፈሻ የሚበቅሉትን ሊከኖች መዝግቦ፣ እነዚህ ፍጥረታት የአየርን ንጽሕና እንደሚያመለክቱ ገለጸ። በ1896 መናፈሻው ሊከን አልባ መሆኑን አስታወቀ።

ይህን ያህል አስተዋይ የነበረው ሰው በአንድ ነገር ግን ጸና። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 ሊከን አንድ ፍጡር ሳይሆን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ኒላንደር ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ሙግቱ ከብዙ የሙያ ጓደኞቹ አራራቀው፤ በ1899 እስከ ሞተበት ጊዜም አቋሙን አልለወጠም። ፍርዱ ግን ለሽቬንደነር ሆነ።

ሆኖም በንድፈ ሐሳብ የተረታው ሊቅ በናሙና አልተረታም። 50,000 ያህል ናሙናዎችን የያዘው ስብስቡ በሄልሲንኪ ተጠብቆ ይገኛል። ኒላንደር ያወጣው ስም ጥርጣሬ ሲያስነሳ፣ ተመራማሪው የሚመለሰው ወደዚያው የወረቀት ከረጢት ነው። ናሙናው የመጣበትን ተራራ ከጽሑፉ ያነባል፤ ሊከኑ የሁለት ፍጥረታት ጥምረት መሆኑን እያወቀም፣ ያ እስከ መጨረሻው ያልተቀበለው ሰው ባስተማረው ዘዴ ይመረምረዋል።