ፖል ደ ቪቪ

ፖል ደ ቪቪ (1853–1930 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የብስክሌት ሠሪ፣ ነጋዴና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስሙ ነው። በፈረንሳይ የብስክሌት ጉብኝት አባት ተብሎ ይጠራል። ብስክሌት ከአንድ በላይ ማርሽ እንዲኖረው ለአርባ ዓመት ያህል የተሟገተ ሰው ሲሆን፣ ድካሙ ሙሉ በሙሉ ፍሬ ያፈራው ግን ከሞተ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣትነትና የሐር ንግድ

ደ ቪቪ ኤፕሪል 29 ቀን 1853 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቮክሉዝ አውራጃ፣ ፔርን ለ ፎንቴን በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የሐር ንግድ ተምሮ በሴንት ኤትየን ከተማ ነጋዴ ሆነ። ሴንት ኤትየን በዚያን ጊዜ በድንጋይ ከሰል፣ በጦር መሣሪያና በጥብጣብ ሥራ የታወቀች ስትሆን፣ ኋላም የፈረንሳይ የብስክሌት ኢንዱስትሪ ማዕከል ሆናለች።

በ1881፣ በ28 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ብስክሌቱን ገዛ። የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ ዓይነት ነበር። በዚህ ብስክሌት ፔዳሉ በቀጥታ ከፊት ጎማው ጋር ስለሚያያዝ አንድ ጊዜ ሲረገጥ ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለመፍጠን ያለው መንገድ ጎማውን ማተለቅ ሲሆን፣ እሱም በነጂው እግር ርዝመት የተወሰነ ነበር።

ሱቁና መጽሔቱ

በ1887 ደ ቪቪ የሐር ንግዱን ትቶ በሴንት ኤትየን የብስክሌት ሱቅ ከፈተ። በዚያው ዓመት «ለ ሲክሊስት» በሚል ስም የሚታወቀውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ብስክሌቶችን ያስመጣ የነበረው የብስክሌት ሥራ ከተስፋፋባት ከእንግሊዟ ኮቨንትሪ ነው። ቀጥሎ «ላ ጎሉዋዝ» የተባለ የራሱን ብስክሌት አወጣ።

መጽሔቱ የሱቁ ማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። ደ ቪቪ በየጊዜው ብስክሌቱን ፈትቶ በሌላ ክፍል መልሶ ይገጣጥም፣ በተራራ መንገድ ይፈትነው፣ ከዚያም ያየውን በመጽሔቱ ያትም ነበር። አንባቢዎችም የራሳቸውን ሙከራ ይልኩለት ነበር።

የማርሽ ጥያቄ

በሰንሰለት የሚሠራው ብስክሌት ከመጣ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው የጥርሶች ቁጥር ሆነ። ለምሳሌ የፊተኛው ማርሽ 48፣ የኋለኛው 16 ጥርስ ካለው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ይህ ለሜዳ ይስማማል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ሁለቱም 24 ጥርስ ቢኖራቸው ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉዞው ይዘገያል፣ ነገር ግን ነጂው ሳይወርድ ዳገቱን ይወጣል።

የሴንት ኤትየን አካባቢ ተራራማ ስለሆነ ደ ቪቪ አንድ ማርሽ እንደማይበቃ በራሱ እግር አወቀ። መጀመሪያ መጠናቸው የተለያየ ሁለት የፊት ማርሾች ገጥሞ፣ እየወረደ ሰንሰለቱን በእጁ ያዛውር ነበር። በኋላም የማርሾቹን ቁጥር አበዛ፤ ሳይወርዱ ሰንሰለቱን የሚያዛውሩ መሣሪያዎችንም ሞከረ። የማርሽ መቀየሪያን ብቻውን ፈለሰፈ ማለት አይቻልም፤ ሌሎችም በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። የእሱ ድርሻ መሣሪያው በረጅም መንገድ ላይ እንደሚሠራ ማሳየቱና ማስተዋወቁ ነው።

የ1902 ሙከራና ተቃውሞ

በ1902 የፈረንሳይ የጉብኝት ማኅበር በፒሬኔ ተራሮች የብስክሌቶች ሙከራ አዘጋጀ። ማርት ኤስ የተባለች ሴት ባለ ሦስት ማርሽ የሆነችውን ላ ጎሉዋዝ ነድታ፣ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ይዘው ከቀረቡ ወንዶች ጋር አስቸጋሪውን የተራራ መንገድ አጠናቀቀች። ለደ ቪቪ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

ለጋዜጣ አዘጋጁ ለአንሪ ደግራንዥ ግን አልነበረም። በዓመቱ ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው ይህ ሰው፣ ማርሽ መቀየር ዕድሜያቸው ለገፋ እንጂ ለጎበዝ አይደለም፣ ውድድርም በጡንቻ እንጂ በመሣሪያ መሸነፍ የለበትም የሚል አቋም ነበረው። በዚህም ምክንያት በቱር ደ ፍራንስ የማርሽ መቀየሪያ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 ነው። ክርክሩ ብስክሌት ለማን ነው የሚል ነበር። ደግራንዥ የሚያስበው ስለ ኃይለኛው ተወዳዳሪ ሲሆን፣ ደ ቪቪ የሚያስበው ስለ ተራው መንገደኛ ነበር።

አኗኗሩና ምክሮቹ

ደ ቪቪ ሥጋ አይበላም ነበር። በየፋሲካው ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፕሮቫንስ ረጅም ጉዞ ያደርግ ነበር። ለብስክሌት ነጂዎች የሰጣቸው ሰባት ምክሮች እስካሁን ይታወሳሉ። በእነሱም ዕረፍቱ አጭርና ጥቂት እንዲሆን፣ ሳይርብ መብላት ሳይጠማ መጠጣት እንደሚገባ፣ የምግብና የእንቅልፍ ፍላጎት እስኪጠፋ ድረስ መድከም እንደማይገባ፣ ሳይበርድ መልበስ ሳይሞቅ ማውለቅ እንደሚሻል ይመክራል። በመንገድ ላይ ወይን ጠጅ፣ ሥጋና ትምባሆ እንዲቀሩ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከአቅም በላይ እንዳይነዳ፣ ለታይታም እንዳይነዳ ያሳስባል።

አሟሟቱና ትዝታው

ከሴንት ኤትየን በስተደቡብ፣ 1,161 ሜትር ከፍታ ወዳለው ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ የሚወስደው ዳገት ደ ቪቪ ብዙ ጊዜ የነዳበት መንገድ ነው። ከ1922 ጀምሮ ለክብሩ ነጂዎች በጋራ ይህን ዳገት የሚወጡበት ቀን ይከበር ነበር። በዚያም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። ደ ቪቪ በ1930፣ በ76 ዓመቱ፣ በሴንት ኤትየን በትራም ተገጭቶ ሞተ። ቱር ደ ፍራንስ የማርሽ መቀየሪያን ሲፈቅድ አላየም።

ከእሱ በኋላ እንደ አሌክስ ሲንገርና ረኔ ኤርስ ያሉ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ባለ ብዙ ማርሽ፣ ሰፊ ጎማና ዕቃ መጫኛ ያላቸውን የጉብኝት ብስክሌቶች በጥንቃቄ ሠርተዋል። ዛሬ እነዚህን አሮጌ ብስክሌቶች የሚያድሱ ሰዎች ዝገቱን ጠርገው፣ ሰንሰለቱን ለውጠው የማርሽ መቀየሪያውን መልሰው ሲገጥሙ፣ በእጃቸው የሚይዙት ደ ቪቪ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለትን መሣሪያ ነው።