ሐዋርያው ጳውሎስና ወገኖቹ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መመርመር ለተማሪ ጠቃሚ ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ የሐዋርያውን የጳውሎስን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን፤ ይልቁንም ለወገኖቹ ለአይሁድ የነበረውን ልብ እንመለከታለን።

ጳውሎስ የተወለደው በኪልቅያ አገር በጠርሴስ ከተማ ነው። ከብንያም ነገድ ነበር፤ ስሙም ሳውል ይባል ነበር። በኢየሩሳሌም ከታወቀው መምህር ከገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ የአባቶቹን ሕግ ተማረ። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ። ምእመናንን ለማሰር ወደ ደማስቆ ሲገሠግሥም በመንገድ ላይ ብርሃን ወረደበት፤ አሳዳጅ የነበረው ሰው ሐዋርያ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በየከተማው ሲደርስ አስቀድሞ የሚገባው ወደ ምኵራብ ነበር። የተቀበሉት ነበሩ፤ ያባረሩትም ነበሩ። አምስት ጊዜ በወገኖቹ እጅ 39 ግርፋት ተገረፈ። ምኵራብ እንዲህ ያለውን ቅጣት የሚቀጣው የራሱን ሰው ስለ ነበረ፥ ጳውሎስ ግርፋቱን መቀበሉ ከማኅበሩ ለመለየት አለመፈለጉን ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ51 ዓመት ገደማ በቆሮንቶስ ሲከሰስም፥ ሮማዊው ገዥ ጋልዮስ ነገሩን አይሁድ ስለ ሕጋቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ክርክር ነው ብሎ ከሳሾቹን መለሳቸው።

ለተሰሎንቄ ሰዎች በተላከው በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ በአይሁድ ላይ የተነገረ ኃይለ ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ57 ዓመት ገደማ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ግን፥ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ምዕራፍ ስለ ወገኖቹ ያለበትን ጽኑ ሐዘን ገለጸ፤ ስለ እነርሱ ሲል ራሱ እስኪለይ ድረስ ተመኘ። ከአሕዛብ ያመኑትንም በመልካም ወይራ ላይ በተተከለ የዱር ቅርንጫፍ መሰላቸውና፥ የሚሸከማቸው ሥሩ መሆኑን አስበው እንዳይታበዩ አስጠነቀቃቸው።

ጳውሎስ በንጉሥ ኔሮን ዘመን በሮም ሰማዕት ሆነ። ከሞተ በኋላ ግን ምክሩ ተዘነጋ። ኃይለ ቃሉን ብቻ እየለዩ ያነበቡ ሰዎች በአውሮፓ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት አይሁድን ለመጥላትና ለማሳደድ ምክንያት አደረጉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ፈጁ። ከዚህ በኋላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው መግለጫ፥ ወደዚያው ወደ ወይራው ምሳሌ ተመልሳ በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ጥላቻ ነቀፈች።

ወንድም ለወንድሙ በቁጣ የተናገረውን ባዕድ ሲደግመው ትርጉሙ ይለወጣል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በአንድ ቃል ተመርተን በሕዝብ ሁሉ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፥ ማን ለማን በምን ጊዜ እንደ ጻፈው መጠየቅን እንልመድ።