ሞሪስ ኧርነስትና በጉምሩክ የተያዘው ጥቅል

ጠበቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከተከሳሽ ጎን የሚቆም ሰው ነው። አሜሪካዊው ሞሪስ ኧርነስት ግን በጣም በሚታወቅበት ክርክር የተከሰሰው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነበር። ይህን ሰው ለክፍላችን ተማሪዎች ላስተዋውቅ የወደድኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እናቶች የሚወልዱትን ልጅ ቁጥር በሐኪም እርዳታ እንዲወስኑ ለረጅም ዓመታት ተከራክሯል። ሁለተኛ፣ የእኛንም ሙያ የነካ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኧርነስት በ1888 አላባማ ግዛት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው ግን ኒውዮርክ ነው። ቀን እየሠራ ማታ ማታ ሕግ ተማረ። በ1915 ከባልደረቦቹ ጋር የጥብቅና ቢሮ ከፈተ።

በዚያን ዘመን በ1873 የወጣው የኮምስቶክ ሕግ ይሠራ ነበር። ሕጉ የወሊድ መከላከያንም ሆነ ስለ እሱ የሚገልጽ ጽሑፍን ከብልግና ሥዕል ጋር አንድ ላይ ደምሮ በፖስታ እንዳይላክ ይከለክላል። ገንዘብ ያላት ሴት በግል ሐኪሟ በኩል መላ አታጣም፤ መከራው የድሃዋ ነበር።

የኧርነስት አንዱ ትልቅ ድል የሜሪ ዌር ዴኔት ጉዳይ ነው። ዴኔት ለልጆቿ ብላ የጻፈችውን ስለ ፆታ ግንኙነት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ በፖስታ በመላኳ በ1929 ጥፋተኛ ተባለች፤ 300 ዶላርም ተቀጣች። ኧርነስት ይግባኝ ብሎ በ1930 ፍርዱን አስሻረላት።

ቀጥሎ የመጣው የጥቅሉ ጉዳይ ነው። የወሊድ ቁጥጥር ታጋይዋ ማርጋሬት ሳንገር ባደረገችው ዝግጅት፣ አንድ ጃፓናዊ ሐኪም በማህፀን በር ላይ የሚደረጉ የጎማ መከላከያዎችን ኒውዮርክ ለምትሠራው ለዶ/ር ሃና ስቶን ላከ። ብዛታቸው 120 ገደማ ነበር። ጉምሩክ ያዛቸው፤ መንግሥትም ጥቅሉን ራሱን ከሰሰ።

እዚህ ላይ ነው የኧርነስት ብልሃት የሚታየው። ሕጉ ይሻር ብሎ አልጮኸም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሐኪም የታካሚውን ጤና ለመጠበቅ የሚጠቀምበትን ነገር ለመከልከል አላሰቡም ብሎ ተከራከረ፤ ሐኪሞችንም በምስክርነት አቀረበ። በታኅሣሥ 1936 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተስማማ። በዓመቱ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የወሊድ መከላከያን እንደ ሕክምና ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ድሉ ሙሉ አልነበረም። መብቱ የተሰጠው ለሐኪሙ እንጂ ለሴቲቱ አይደለም። ሐኪም ጋ መድረስ ያቃታት ሴት ምን ተጠቀመች? የኮኔቲከት ግዛት ደግሞ መጠቀሙን ራሱን ይከለክል ነበር። ኧርነስት በ1943 ይህን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሐኪሙ በታካሚዎቹ ስም መክሰስ አይችልም ብሎ መለሰው። ሕጉ የወደቀው በ1965 ሌሎች ጠበቆች ተከራክረውበት ነው። የኧርነስት የቢሮ ባልደረባ ሃሪየት ፒልፔልም በዚሁ መስክ ለአሥርተ ዓመታት ሠርታለች።

ወደ ሙያችን ስንመጣ፣ በ1933 የጄምስ ጆይስ ልቦለድ ዩሊሲስ አሜሪካ እንዲገባ ያስፈቀደው እሱ ነው። በ1937 ደግሞ በማኅበር አደራጅነቱ ከአሶሺየትድ ፕሬስ ለተባረረ ጋዜጠኛ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አሸንፏል።

ሰውዬውን መልአክ አድርጌ ማቅረብ ግን አልፈልግም። የዜጎችን ነፃነት የሚያስከብር ድርጅት ጠበቃ ሆኖ ሳለ ለኤፍቢአዩ አለቃ ለኤድጋር ሁቨር መረጃ ያቀብል ነበር። በ1956 ኒውዮርክ ውስጥ በጠፋው በኢየሱስ ደ ጋሊንዴዝ ጉዳይም፣ በዶሚኒካን አምባገነን በትሩሂዮ ወገን ተከፍሎት ምርመራ አደረገ፤ በ1958 ባወጣው ሪፖርት ትሩሂዮን ነፃ አለው። ይህ ስሙን በጣም ጎድቶታል።

ኧርነስት በ1976 አረፈ። የአገሪቱ ምክር ቤት ከኮምስቶክ ሕግ ውስጥ የወሊድ መከላከያን በ1971 ሲያወጣ በሕይወት ነበር። እኔ ከታሪኩ የወሰድኩት ይህን ነው፦ መጽሐፉንም መከላከያውንም ያገደው አንድ ሕግ ነበር። አንዲት እናት ስለ ራሷ አካል ማወቅ ስትከለከል፣ የሚጽፍላትም ሰው አብሮ ይታፈናል። ስለዚህ የቤተሰብ ሕግ የሕግ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ባናልፈው ጥሩ ይመስለኛል።