ጆን ፖስቴል

ጆናታን ብሩስ ፖስቴል (ሐምሌ 30 ቀን 1935 – ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስትና ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ ነበር።

ሕይወት

በካሊፎርኒያ፣ አልታዲና ተወለደ። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1974 በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክትሬቱን አገኘ። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት በ1969 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ከሠሩት ተማሪዎች አንዱ ነበር። አር.ኤፍ.ሲ. የተባሉትን የኔትወርክ ሰነዶች ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ በአርታኢነት መርቷል።

አላስፈላጊ መልእክት

ፖስቴል ስለ አላስፈላጊ መልእክት (ስፓም) ቀድሞ መጻፉ ብዙም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1975 ያወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 706 አንድ ገጽ ገደማ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር የተላከለትን ሁሉ ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ የማይፈልገውን ለመጣል እንኳ መጀመሪያ ማንበብ ነበረበት። ፖስቴልን ያሳሰበው ነጋዴ ሳይሆን፣ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ መልእክት የሚልክ ኮምፒዩተር ነበር።

ሁለት መንገዶች አቀረበ። ነገሩን በኢሉባቦር ከተሞች ለመመሰል፣ ጎሬ ያለ ኮምፒዩተር መቱ ያለውን በመልእክት አጥለቀለቀው እንበል። አንደኛው መንገድ የመቱ የኔትወርክ ጣቢያ ከጎሬው ኮምፒዩተር የመጣውን እየለየ እንዲጥል ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ መንገዱን ሁሉ ተጉዞ ስለሚደርስ መስመሩ መጨናነቁ አይቀርም። ሁለተኛው የመቱ ጣቢያ ለጎሬ ጣቢያ አሳውቆ፣ መልእክቱ ገና ከጎሬ ሳይወጣ እንዲታገድ ነው። ለዚህ ግን የላኪው ወገን ጣቢያ የተቀባዩን ጥያቄ ተቀብሎ የራሱን ደንበኛ ማገድ አለበት። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስፓምን በጋራ ለመከላከል ሲነሱ ዛሬም የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ለ400 ያህል የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ማስታወቂያ ላከ። ይህም የመጀመሪያው የኢሜይል ስፓም ተብሎ ይቆጠራል።

የሚገርመው፣ ፖስቴል ራሱ በኦገስት 1982 ያወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ (ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ.) የላኪውን ማንነት አያረጋግጥም ነበር። ማንኛውም ሰርቨር የማያውቀውን ሰው መልእክት ተቀብሎ ለሌላ ያስተላልፍ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ጥቂትና በአብዛኛው የሚተዋወቁ ስለነበሩ በጊዜው እንደ ጉድለት አልታየም። በ1990ዎቹ ግን ስፓም ላኪዎች በሰው ሰርቨር መልእክታቸውን መበተን ጀመሩ።

የአድራሻ ድልድል

የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን የሚደለድለውን ተቋም (አያና) ለረጅም ጊዜ መርቷል። የኢትዮጵያ መለያ «ነጥብ ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገበው በእርሱ ዘመን ነው፤ የመቱ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያበቃው በዚሁ መለያ ነው።

ኅልፈት

ፖስቴል ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ55 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። ከአራት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1999፣ አር.ኤፍ.ሲ. 2505 ወጣ። ሰነዱ የኢሜይል ሰርቨሮች የማያውቁትን ሰው መልእክት እንዳያስተላልፉ፣ ከተወሰኑ ኮምፒዩተሮች የሚመጣውንም እምቢ ማለት እንዲችሉ ያዛል፤ ይህ ሁለተኛው ፖስቴል ከ23 ዓመት በፊት የጠየቀው ነበር።