ዮሐንስ አፈወርቅ፤ የአረማዊው መምህር ተማሪ፣ የጭሰኛው ተሟጋች

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ387 ዓ.ም የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል የአንጾኪያ ሕዝብ ደጁን ዘግቶ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። ከባድ ግብር ተጥሎበት ተቆጣ፤ ቁጣው ገንፍሎም የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገርስሶ በየመንገዱ ጎተተ። በሮማውያን ዘንድ የንጉሥን ምስል ማዋረድ ንጉሡን ራሱን መድፈር ነበርና ከቁጣው በኋላ የመጣው ፍርሃት ከቁጣው የባሰ ሆነ። ብዙዎች ተያዙ፤ የተገደሉም ነበሩ። መሸሽ የቻለ ወደ ገጠርና ወደ ተራራ ሸሸ። ከተማዋ ትቃጠላለች፣ ሕዝቧም ያልቃል የሚል ወሬ ከቤት ቤት ተዛመተ።

በዚያ ጭንቅ ከተማዋን በንግግር ያጸናት ከአንድ ዓመት በፊት ቅስና የተቀበለ ሰው ነበር። ስሙ ዮሐንስ ይባላል። የኋላው ትውልድ አንደበቱን ከወርቅ ጋር አመሳስሎ አፈወርቅ ብሎታል። ያን አንደበት የሳለው ግን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሳለው ለአማልክት የሚሠዋ የአረማዊ መምህር ትምህርት ቤት ነው።

ዮሐንስ በ349 ዓ.ም ገደማ በዚያችው በአንጾኪያ ተወለደ። ዛሬ በቱርክ ምድር አንታክያ የምትባለው ከተማ ያኔ የሶርያ መዲና፣ ከሮም ግዛት ታላላቅ ከተሞችም አንዷ ነበረች። በከተማው ግሪክኛ፣ በዙሪያዋ ባለው የእህል፣ የወይንና የወይራ አገር ደግሞ ሱርስት ይነገር ነበር። አባቱ ሴኩንዶስ በሠራዊቱ አዛዥ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመት ዕድሜዋ አካባቢ መበለት ሆና ሁለተኛ ባል ሳታገባ፣ የባሏንም ርስት ሳታባክን ልጇን አሳደገች። ገንዘቧን ካዋለችባቸው ነገሮች አንዱ የልጇ ትምህርት ነበር።

የዚያ ዘመን ከፍተኛ ትምህርት የንግግር ጥበብ ነው። ዳኛ፣ ጠበቃ፣ አገረ ገዥ ወይም የቤተ መንግሥት ጸሐፊ መሆን የሚሻ ወጣት ሁሉ በዚያ በር ማለፍ ነበረበት። ተማሪው ተረት ይተርካል፤ አንድን አባባል ያፍታታል፤ ከተማን ያመሰግናል፤ ክፉን ሰው ይነቅፋል፤ የጥንት ጀግና ቢናገር ምን ይል እንደነበር አስቦ በጀግናው አፍ ይናገራል። በአንጾኪያ የዚህ ጥበብ አለቃ ሊባንዮስ ነበር። ሊባንዮስ ክርስትናን አልተቀበለም፤ የጥንቶቹ አማልክት ቤተ መቅደሶች እንዳይፈርሱም በብዕሩ የተሟገተ ሰው ነው። ሆኖም የክርስቲያን ልጆችን ያስተምር ነበር፤ ክርስቲያን ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ እርሱ ይልኩ ነበር።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ጥያቄ ግን የሚድበሰበስ አልነበረም። በ362 ዓ.ም ዮሐንስ ገና ልጅ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ዩልያኖስ በጥንቶቹ አማልክት የማያምን ሰው የአማልክቱን ታሪክ የተሸከሙትን መጻሕፍት ሊያስተምር አይገባውም ብሎ ክርስቲያን መምህራንን ከማስተማር አገደ። ንጉሡ በማግሥቱ ዓመት በጦር ሜዳ ስለሞተ እገዳው ብዙ አልቆየም። ከክርስቲያኖችም ወገን የአረማውያን የንግግር ጥበብ ለወንጌል አይገባም የሚሉ ነበሩ። ያጌጠ ቃል ሐሰትንም እውነት አስመስሎ ያሳያልና ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

ዮሐንስ ትምህርቱን ሲፈጽም ክብርና ሀብት ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን ያን ትቶ ተጠመቀ፤ መጻሕፍተ ቅዱሳትን መማር ጀመረ፤ በቤተ ክርስቲያንም አንባቢ ሆነ። ከዚያም ወደ ተራራ ወጥቶ ከአንድ ሶርያዊ ሽማግሌ መናኝ ጋር አራት ዓመት፣ ብቻውን በዋሻ ሁለት ዓመት ኖረ። እንቅልፍን ንቆ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያጠና ሥጋውን ቀጣው። ብርዱና ጾሙ ሆዱንና ኩላሊቱን ጎዱት፤ ታሞም ወደ ከተማ ተመለሰ። ሕመሙ እስከ ሞቱ አልለቀቀውም። በ381 ዓ.ም ዲቁና፣ በ386 ዓ.ም ቅስና ተቀበለ።

ሊባንዮስ ሲሞት ወንበሩን ማን ይውረስ ተብሎ ተጠይቆ፣ ክርስቲያኖች ባይሰርቁት ኖሮ ዮሐንስን እመርጥ ነበር ማለቱን የቤተ ክርስቲያን የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ አትርፎታል። ነገሩ በትክክል እንዲህ ተብሎ ይሁን አይሁን፣ የተማሪው ስብከት የመምህሩን እጅ ያሳያል። ዮሐንስ ጥያቄ ያነሣል፤ ራሱም እንደ ተቃዋሚ ሆኖ ይመልሳል፤ መልሱን ደግሞ ያፈርሰዋል። ምሳሌውን ከገበሬው፣ ከመርከበኛው፣ ከሐኪሙ፣ ከአንጥረኛው ሥራ ያወጣል። ፈጣን ጸሐፍት ሥር ሥሩ ይጽፉ ስለነበር በዚያች ቅጽበት የተናገረው ሳይቀር ቆይቷል። አንድ ቀን መብራት አብሪው ሲገባ ሕዝቡ ዓይኑን ወደዚያ ቢያዞር፣ ዮሐንስ ስብከቱን አቋርጦ ገሥጿቸዋል። ሰዉ ተጨናንቆ ሲሰማው ሌቦች ኪስ ያወልቁ ስለነበር ገንዘብ ይዛችሁ አትምጡ ብሎም አስጠንቅቋል።

ከሁሉ ያስቸገረው ጭብጨባው ነው። በአዳራሽ ተናጋሪን ማጨብጨብ የለመደ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያንም አጨበጨበ። ዮሐንስ ጭብጨባውን አጥብቆ ነቀፈ፤ ነቀፌታው ራሱ ያማረ ነበርና እርሱንም አጨበጨቡለት። ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ ሰባኪ የንግግር ችሎታ ያስፈልገዋል፣ የምስጋና ባሪያ ግን ሊሆን አይገባውም ሲል አስተምሯል። የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉምም አንድ ክርስቲያንና አንድ አረማዊ ጳውሎስ ይበልጣል፣ ፕላቶን ይበልጣል እየተባባሉ ሲከራከሩ መስማቱን ያወሳል። ክርስቲያኑ ጳውሎስ በንግግር ጥበብ ፕላቶንን ይበልጣል ብሎ ተሟገተ። ዮሐንስ ይህን ሙግት ሞኝነት አለው። ጳውሎስ በዚህ ጥበብ ያልተማረ ቢሆን ይሻላል፤ ያልተማረው የተማረውን ካሸነፈ ድሉ የሰው እንዳልሆነ ይታወቃልና። የንግግርን ጥበብ በንግግር ጥበብ ዝቅ ማድረጉን አድማጩ ሳያስተውል አልቀረም።

ወደ 387 ዓ.ም እንመለስ። አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስ እኅቱን በሞት አልጋ ላይ ትቶ፣ በዚያ ብርድ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ተነሣ። ዮሐንስ ሰባት ቀን ዝም ካለ በኋላ በዐቢይ ጾም ወራት ከቀን ወደ ቀን ለሕዝቡ ተናገረ። የሚያስገርመው የመረጠው ርእስ ነው። ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ እርሱ መላልሶ የሚለው መሐላ ተዉ ነበር። የዛሬ አንባቢ ነገሩ ግራ ሊገባው ይችላል። ግን በፍርሃት የደነዘዘ ሕዝብ ዛሬውኑ ሊሠራው የሚችለው ነገር ያሻዋል፤ የንጉሡን ልብ መለወጥ አይችልም፣ የራሱን አንደበት መግታት ይችላል። መርማሪዎች መጥተው ሰዎችን ለፍርድ ባቀረቡ ጊዜ ከተራራው ወርደው የተከራከሩት መነኮሳት ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ መቅዶንዮስ ፊደል ያልቆጠረ፣ በሱርስት ብቻ የሚናገር ሰው ነበር። የመርማሪዎቹን ፈረሶች አስቁሞ፣ የነሐስ ሐውልት መልሶ ይሠራል፣ የሞተ ሰው ግን አይመለስም የሚል ቃል ወደ ንጉሡ ላከ። ሊባንዮስም በዚያው ጉዳይ ለንጉሠ ነገሥቱ የምሕረት ንግግር ጽፏል። ለፋሲካ ፍላብያኖስ ምሕረቱን ይዞ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ከገጠር የመጡ ሱርስት ተናጋሪዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ግሪክኛ የሚያውቀው የከተማ ሰው ሊንቃቸው ይችል ነበር። ዮሐንስ ግን እነዚህ ሰዎች በአንድ ወቅት በሬ ጠምደው ሲያርሱ፣ በሌላ ጊዜ አትሮንስ ላይ ወጥተው ነፍስን ሲያርሱ ይታያሉ፤ ፈላስፋ ነን ባዮች በጢምና በካባ ያላገኙትን እነርሱ በሥራ አግኝተውታል ሲል አመሰገናቸው።

የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ደግሞ በባለመሬቶቹ ላይ ተነሣ። ጭሰኛውን እንደ አህያና በቅሎ ይጭኑታል፤ ምድሩ ቢሰጥም ባይሰጥም ያንኑ ይጠይቁታል፤ በውርጭና በዝናብ ሲለፋ ከርሞ ባዶ እጁን፣ ይባስ ብሎም ባለ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል። የወይን መጥመቂያውን በድካሙ ይሞላል፤ ከወይኑ ጥቂት ወደ ቤቱ ሊወስድ ግን አይፈቀድለትም። አራጣውም ከተለመደው ወለድ አልፎ የዋናውን ገንዘብ እኩሌታ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለመምህሩም ፍርድ ሊጓደል አይገባም። ሊባንዮስ ገበያ የመጡ ገበሬዎች ሲመለሱ በአህዮቻቸው የከተማውን ፍርስራሽ ተሸክመው እንዲያወጡ መገደዳቸውን በመቃወም ለንጉሠ ነገሥቱ ንግግር ጽፏል። ልዩነቱ የአድማጩ ነው፤ መምህሩ አቤቱታውን ለንጉሥ ሲጽፍ፣ ተማሪው ግን ባለመሬቱ ራሱ በተቀመጠበት ጉባኤ ተናገረ።

ያው የተሳለ መሣሪያ ክፉም ሠርቷል። በ386 እና በ387 ዓ.ም ክርስቲያኖች ወደ ምኩራብ እንዳይሄዱና ከአይሁድ ጋር እንዳያከብሩ ለመከልከል በሰበካቸው ስምንት ስብከቶች፣ ከትምህርት ቤት የተማረውን የነቀፌታ ንግግር ልጓም ሳያበጅለት ተጠቀመበት። የዚያ ዘመን ነቀፌታ ማጋነንን ይፈቅድ ነበር፤ ቃሉ ተጽፎ ስለቀረ ግን የኋላ ዘመን ሰዎች አይሁድን ለማሳደድ ጠቀሱት። ይህ በሕይወቱ መዝገብ የማይፋቅ ጥቁር ነጥብ ነው።

በ398 ዓ.ም የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይነሣ ተብሎ ከከተማው በስውር ነበር የተወሰደው። በአዲሱ መንበር የድግሱን ወጪ ቀንሶ ለድውያን ቤቶች አዋለው፤ ብቻውን ይበላ ነበር። ለጎታውያንም በቋንቋቸው የሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ወደ መንበሩ ያመጣው ባለሥልጣን ኤውትሮጵዮስ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያንን የመማጸኛ መብት ያጠበበ ሰው ሲሆን፣ በ399 ዓ.ም ከሥልጣን ወድቆ መሠዊያ ጨብጦ ተማጸነ። ዮሐንስ ወድቆ በሚታየው ሰው ፊት ስለ ሥልጣን ከንቱነት ተናገረ፤ ከወታደሮቹም አስጣለው።

የባለጸጋ ሴቶችን ጌጥና የመሳፍንቱን ቅንጦት በአደባባይ መንቀፉን ንግሥቲቱ ኤውዶክስያ እንደ ስድብ ቆጠረችው። በ403 ዓ.ም የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ በመራው ጉባኤ ተፈርዶበት ተጋዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጭፈራ ሲተከል ዳግመኛ ተናገረ። ከ16 ዓመታት በፊት ስለ ወደቁ ሐውልቶች ሕዝብን ያጽናና ሰው አሁን በቆመ ሐውልት ምክንያት መንበሩን አጣ። በሰኔ 404 ዓ.ም ወደ አርመንያ ኩኩሶስ ተላከ።

በግዞት ጉባኤ አልነበረውም፤ አጨብጫቢም የለም። ብዕሩ ግን አልተወሰደበትም። ከዚያ የጻፋቸው ወደ 240 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ፤ 17ቱ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ የተጻፉ ናቸው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሆዱ ሕመምና ስለ ሽፍቶች ይነግራታል፤ እርሷን ደግሞ ከኀዘኗ እንድትነሣ ይመክራታል። ወዳጆቹ ወደ ኩኩሶስ መመላለሳቸው አሳዳጆቹን ስላሳሰባቸው ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደ ጲጥዮስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በፀሐይና በዝናብ በእግር አስጓዙት። ሳይደርስ መስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም በጶንጦስ ኮማና ዐረፈ።

ከስብከቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት ተርፈዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አለ፤ የዕብራውያንን መልእክት የተረጎመባቸው ድርሳናት በግእዝ ይነበባሉ፤ ግንቦት 12 ቀንም የዐፅሙ ፍልሰት ይታሰባል። ዐፅሙ ወደ ቁስጥንጥንያ የተመለሰው በ438 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረው የኤውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ግንባሩን በሣጥኑ ላይ አድርጎ ለአባቱና ለእናቱ ይቅርታ ለመነ።