አዛኑን የተወው ሙአዚን



ዛሬ ቤቴል ላይ የጁሙዓ አዛን ስትሰሙ ቢላል ኢብኑ ረባሕን (ረ.ዐ) አስታውሱ። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ናት። በመካ ግለት ደረቱ ላይ ድንጋይ ሲጫን የአላህን አንድነት ከመመስከር እንዳልተመለሰ፣ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነፃ እንዳወጣው፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ አናወራውም፦ ሥራውን ለቀቀ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ አኼራ ሲሄዱ ቢላል ወጣትነቱ አልፎ ነበር። ሙስሊሙ ሁሉ የሚያውቀው በአዛኑ ነው። ይሁንና የነቢዩን ስም ሲጠራ እሳቸው በሌሉበት መዲና ድምፁ በእንባ ይታነቅ ጀመር። ስለዚህ ወደ ሻም ሄዶ በአላህ መንገድ ማገልገል ፈለገ።

ዝም ብሎ ግን አልጠፋም። አቡበክር ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። አቡበክር እንዲቆይለት ቢፈልግም ቢላል አንድ ነገር አስታወሰው፦ ነፃ ያወጣኸኝ ለራስህ ከሆነ አስቀረኝ፣ ለአላህ ከሆነ ግን ልቀቀኝ የሚል ሐሳብ ነበር። የነቢዩን መስጂድ አዛን የቁባው ሙአዚን ሰዕድ አልቀረዝ ተረከበው፤ አዛኑም አልተቋረጠም።

ዑመር (ረ.ዐ) ሻም በመጣ ጊዜ ቢላል ተለምኖ አንዴ አዛን አለ፤ ሶሓቦቹ ዘመኑ ትዝ ብሏቸው አለቀሱ። ችሎታው አብሮት ነበር፤ የተወው ቦታውን ብቻ ነው። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ደማስቆ ውስጥ አረፈ።

ታዲያ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ሃያ ዓመት የሠሩበትን ሥራ ለመቀየር ሲያመነቱ ብታዩ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ነካችሁ አትበሏቸው። ቁጭ ብላችሁ አማክሯቸው። የቤት ኪራዩንና የታናናሾቻችሁን ትምህርት ቤት ክፍያ አብራችሁ አስሉ። ኢስቲኻራ እንዲሰግዱ አስታውሷቸው። ከሁሉ በፊት ግን ቢላል የመለሰውን ጥያቄ አንሱላቸው፦ ሥራው ለማን ነው? ሰው ለሚጠራበት ስም ከሆነ መልቀቁ ሞት ይመስላል። ለአላህ ከሆነ ግን መዲናም ሻምም የእሱ ናቸው።

አላህ ለወላጆቻችን ኸይሩን ይምረጥላቸው። ጁሙዓ ሙባረክ!